ገብስና ስንዴ በአንድ ማሳ

ዝናቡ በማይታመንበት አገር ምላሷ የሰላ አንዲት ባልቴት ነበረች። እንደ እናት አባቷ ገብስና ስንዴ ቀላቅላ በአንድ ማሳ ትዘራለች። ዝናቡ ካጠረ ገብሱ ይደርስላታል፤ ከበረታ ደግሞ ስንዴው ያምርላታል። ስለዚህ ጎተራዋ ሞልቶ ባያውቅም ባዶ ሆኖም አያውቅም።

አንድ ቀን ከከተማ አንድ ትልቅ ሹም መጡ። የመጡት ለግማሽ ቀን ቢሆንም፣ እርሻን ከእግዜር ጋር ሆነው የፈጠሩ ይመስል ገበሬውን ሁሉ ሰብስበው፣ ጥቁር መነጽራቸውን ደንቅረው፣ የተጠቀለለ ጃንጥላቸውን እየቀሰሩ ያስተምሩ ጀመር። ጃንጥላው የባልቴቷ ማሳ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ የማን ጉድ ነው? ገብስና ስንዴ መለየት አቅቶሽ ነው?» አሏት። ሕዝቡም ለሹም እንደሚሳቀው ሳቀ።

«ዝናቡ ይምጣ ይቅር ስለማላውቅ ነው ጌታዬ። ሁለቱንም ይዤ ልጠብቀው ብዬ።»

«ይሄ ፍርሃት ይባላል! ደፋር ገበሬ አንዱን ይመርጣል። ለከርሞ ስንዴ ብቻ ትዘሪያለሽ፤ እምቢ ካልሽ ማዳበሪያ የሚባል አታይም። የምትይው አለሽ?»

ባልቴቷ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ኧረ እኔ ምን እላለሁ፣ ከእርስዎ አይቼ እማራለሁ እንጂ። እርስዎ ለግማሽ ቀን ሲመጡ ለፀሐዩ መነጽር፣ ለዝናቡ ጃንጥላ ይዘዋል። እኔ የምዘራው ለዓመት ነው። ደፋር አንዱን ይመርጣል ካሉ ግን እስቲ ይቅደሙኝ፤ ከሁለቱ አንዱን እዚሁ ጥለውልኝ ይሂዱ።»