የእትዬ ዘርትሁን መስኮት እንዴት ድርብ ለበሰ

ስሙኝማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር ከብርድ ይጀምራልና ጋቢያችሁን ሳብ አድርጉ።

መንዝ ውስጥ፣ ከገደል አፋፍ ላይ፣ ውርጭ አምባ የምትባል መንደር ነበረች። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በራቸው ጠባብ። መስኮት የነበራቸውም ቢሆኑ በጭቃ ደፍነውታል። ኅዳር ሲገባ ከገደሉ ሥር የሚነሳው ነፋስ ቀዳዳ አይምርምና። አንድ ቤት ብቻ መስኮቱን አልደፈነም፤ ያውም ሰፊ፣ ያውም ባለ መስታወት። የእትዬ ዘርትሁን ቤት።

እትዬ ዘርትሁን የመንደሩ አዋላጅ ነበረች። ውርጭ አምባ ውስጥ በእሷ እጅ ያልተወለደ ሰው ከተገኘ ከሌላ አገር የመጣ ነው። አሁን ግን ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ውላለች። አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር ነው። ከመስኮቱ ማዶ ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ ጭጋጉ፣ ከጭጋጉ በላይ ደግሞ ተራራው። ሲነጋ አመድ የመሰለው ተራራ ፀሐይ ስትነካው ከጫፉ ጀምሮ ይቀላል፤ ከዚያ ወርቅ ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ዓይን አልችል ብሎ ይነጣል። ሰው ሊጠይቃት ሲገባ እንኳ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «እስቲ ቆይ፣ አሁን ጥላው ሊዞር ነው» ትላለች። እንግዳውም ሳያስበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሯት ያያል።

የምታስታምማት የወንድሟ ልጅ ባንቺአምላክ ናት። በዚያ ዓመት ውርጩ ቀድሞ መጣ። መስታወቱ አንድ ለእናቱ፣ ስስ ነው፤ ብርዱ በእሱ አልፎ ሰተት ብሎ ይገባል። እትዬ ዘርትሁን ሳል ያዛት። ባንቺአምላክ ከምድጃው ዳር ሆና ያንን ሳል ስትሰማ የገዛ ደረቷ የተሰነጠቀ ይመስላታል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቶች ጭቃ አቡክተው፣ ድንጋይ ተሸክመው መጡ።

«ሳሉ ሳይጥላት መስኮቱን እንድፈነው» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ይወዷታል።

እትዬ ዘርትሁን ከትራሷ ቀና አለች። «ተራራዬን ከምትደፍኑብኝ አፈሩን እኔው ላይ መልሱት!»

ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ጭቃው ከእጃቸው ጠብ ጠብ ይላል።

«እትዬ፣ ብርዱ እኮ ሊገድልሽ ነው» አለች ባንቺአምላክ።

«ሰው ሲበርደው ይደርባል እንጂ ዓይኑን ይሸፍናል እንዴ?»

ይቺ ቃል በባንቺአምላክ ጆሮ ውስጥ ቀረች። ይደርባል። በአክስቷ ትከሻ ላይ ያለውን ጋቢ አየችው፤ ድርብ ነው። መስኮቱን አየችው፤ ነጠላ ለብሶ ነው የቆመው።

«መስኮቱስ ቢደርብ?» አለች። «መስታወት በመስታወት ላይ!»

ጎረቤቶቹ ተያዩ። «እንግዲህ እስከ ኅዳር ሚካኤል እንታገሣለን» አሉ። «ካልሆነልሽ ጭቃው መቦካቱ አይቀርም።»

ባንቺአምላክ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ አናጢው ወደ ጋሽ ደምሰው ሄደች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ያለ መስታወት ብርዱ አይወጣም፤ መስታወት ስጠኝ።»

ጋሽ ደምሰው ነገሩን ሰምቶ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ይሆናል። ሁለተኛውን ከውስጥ እንገጥመዋለን፤ በመካከላቸው አውራ ጣት የምታህል ክፍተት እንተዋለን። እዚያ መሀል የታሰረው አየር ልክ እንደ ጥጥ ነው፤ ብርዱን አያሳልፍም። ብርሃኑን ግን ማን ይከለክለዋል? መስታወቱም ይኸውና አለኝ። ታዲያ ያለ ጣውላ አይቆምም። ያለኝ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱ ይጣመማል። የደረቀ ጽድ ፈልጊልኝ።»

የደረቀ የጽድ ጣውላ ያለው አያ ሸዋረጋ ዘንድ ነው። ባንቺአምላክ ቁልቁል ወረደች።

«አያ ሸዋረጋ፣ ያለ መስታወት ብርዱ አይወጣም፣ ያለ ጣውላ መስታወቱ አይቆምም፤ ጣውላ ስጠኝ።»

አያ ሸዋረጋ በበትሩ ወደ ወንዙ አመለከተ። ጣውላው ከዳር እዳር ተጋድሟል፤ በጎች በላዩ ተራ በተራ ይሻገራሉ።

«ለእትዬ ዘርትሁን? ስወለድ ተቀብላኝ፣ አላለቅስም ብል በጥፊ መትታ ያስለቀሰችኝ እሷ አይደለች እንዴ! ነፍሴንም ብትል አልነፍጋት። ግን ጣውላውን ባነሳው በጎቼ ውኃ ይገባሉ፤ በዚህ ብርድ የረጠበ በግ አያድርም። በምትኩ የድንጋይ መሸጋገሪያ ይሠራልኝ። ያለ ድንጋይ ጣውላው አይነሳም።»

ግንበኛው ልሳነወርቅ ነው፤ ከባንቺአምላክ ጋር አብሮ ያደገ፣ ሲሠራም ሲያወራም የማይደክመው።

«ልሳነወርቅ፣ ያለ መስታወት ብርዱ አይወጣም፣ ያለ ጣውላ መስታወቱ አይቆምም፣ ያለ ድንጋይ ጣውላው አይነሳም፤ ድንጋይ ደርድርልኝ።»

«እሱማ ለኔ ቆሎ መቆርጠም ነው!» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ግን ደህናው ድንጋይ ያለው ቁልቁለቱ ሥር ነው። በሰው ትከሻ የሚወጣ አይደለም። ያለ አህያ ድንጋዩ አይመጣም።»

«አህያህስ?»

«ራስሽ ጠይቂያት» አለና ወደ ጓሮ ወሰዳት።

አህያዋ ግራጫ፣ ዓይነ ትልቅ ናት። ባንቺአምላክም ከልቧ ጠየቀቻት።

«እሜቴ አህያ፣ ያለ መስታወት ብርዱ አይወጣም፣ ያለ ጣውላ መስታወቱ አይቆምም፣ ያለ ድንጋይ ጣውላው አይነሳም፣ ያለ አህያ ድንጋዩ አይመጣም፤ እባክሽ ተጫኚልኝ።»

አህያዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። ልሳነወርቅ ጀርባዋን በእጁ ዳሰሰ፤ ጠጉር ገና እያበቀለ ያለ ጠባሳ አለ።

«ገጥባ ነበር፤ በስንት መከራ ዳነች። ከእንግዲህ በባዶ ጀርባዋ አልጭንባትም። የበግ ጠጉር መደላድል አምጪልኝና ዛሬውኑ እንውረድ። ያለ መደላድል አህያዋ አትጫንም።»

የበግ ጠጉር የምትፈትለውና የምትሰፋው እትዬ የሻረግ ናት። ቤቷ ከመንደሩ ዳር ነው። ባንቺአምላክ ገባችና ቆመች፤ ምንም አይታያትም።

«ማነሽ? በሩን ዝጊው፣ ብርድ ነው!» አለ ከጨለማው ውስጥ ድምፅ።

ዘጋችው። ያን ጊዜ ጨለማው ጭራሽ ዋጣት። ድምፁ ወዳለበት ዞራ ተናገረች።

«እትዬ የሻረግ፣ ያለ መስታወት ብርዱ አይወጣም፣ ያለ ጣውላ መስታወቱ አይቆምም፣ ያለ ድንጋይ ጣውላው አይነሳም፣ ያለ አህያ ድንጋዩ አይመጣም፣ ያለ መደላድል አህያዋ አትጫንም፤ መደላድል ስፊልኝ።»

እትዬ የሻረግ ተነፈሰች። «ጠጉሩ አለ። መርፌውም አለ። እጄም አልሰነፈ። መስኮቴን ከደፈንሁ ወዲህ ግን መርፌው ክሩን አያገኘውም። ሰዉ ዓይኗ ታወረ ይላል፤ የታወረውስ ቤቴ ነው። ደጅ እንዳልወጣ ነፋሱ ጣቴን ያደነዝዘዋል። ያለ ብርሃን መደላድሉ አይሰፋም፣ ልጄ። ብርሃን ከየት ታመጪልኛለሽ?»

ባንቺአምላክ በሩን ዳብሳ ወጣች። ሚካኤል ሊደርስ ነው። ጭቃው ሊቦካ ነው። እግሯን እየጎተተች ቤቷ ገባችና ከአክስቷ አልጋ ሥር ዘፍ አለች።

«አልሆነም፣ እትዬ።»

«ምኑ?»

«ያለ መስታወት ብርዱ አይወጣም። ያለ ጣውላ መስታወቱ አይቆምም። ያለ ድንጋይ ጣውላው አይነሳም። ያለ አህያ ድንጋዩ አይመጣም። ያለ መደላድል አህያዋ አትጫንም። ያለ ብርሃን መደላድሉ አይሰፋም። ብርሃን ደግሞ... ብርሃን ከየት ይመጣል?» አለችና እንባዋ ቀደማት።

እትዬ ዘርትሁን ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ከሳሉ መልስ እንደገና ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ብርሃን ፍለጋ ከዚህ ቤት ወጣሽ?»

ባንቺአምላክ ቀና አለች። መስኮቱ ከፊቷ ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ገብቶ በአክስቷ ጉልበት ላይ፣ በጋቢው ጥለት ላይ፣ በመሬቱም ላይ እንደ ውኃ ፈስሷል። በብርሃኑ ውስጥ የምትንሳፈፍ እያንዳንዷ ብናኝ ትታያለች። ስንት ዘመን በዚህ ብርሃን ውስጥ ስትመላለስ ኖራ ልብ አላለችውም። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና እየሮጠች ወጣች።

እትዬ የሻረግ የበጉን ጠጉር በጀርባዋ አዝላ፣ መርፌዋን በደረቷ ሰክታ መጣች። ባንቺአምላክ እጇን ይዛ አስገብታ ከአልጋው ግርጌ አስቀመጠቻት፤ በላይዋም ቡልኮ ደረበችላት። ሴትዮዋ ክሩን ወደ መርፌው አስጠጋች፤ ክሩ በአንድ ጊዜ ሰተት ብሎ ገባ። «ውይ!» አለችና ጣቶቿን አገላብጣ አየቻቸው፤ እንደ ራቀ ዘመድ ናፍቀዋት ነበር። ከዚያ ቀና ስትል ተራራው ከፊቷ ቆሟል።

መርፌዋ ቆመ። 

«ይኼ ሁሉ... ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይታያል?»

«ዝም ብለሽ እዪ» አለቻት እትዬ ዘርትሁን፤ «አሁን ጥላው ሊዞር ነው።»

ሁለቱ አሮጊቶች ጎን ለጎን ሆነው ጥላው ሲዞር አዩ። ከዚያ እትዬ የሻረግ መስፋት ጀመረች፤ ፀሐይዋ እስክታቆለቁል እጇ አላረፈም።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው? ብርሃን ተገኘና መደላድሉ ተሰፋ፤ መደላድል ተገኘና አህያዋ ተጫነች፤ አህያ ተገኘችና ድንጋዩ መጣ፤ ድንጋይ ተገኘና ጣውላው ተነሳ። ልሳነወርቅ ብቻውን አልነበረም። ጭቃ ሊያቦኩ የተዘጋጁት ጎረቤቶች ወንዝ ወርደው ድንጋይ አቀበሉት። የአያ ሸዋረጋ በጎች በአዲሱ መሸጋገሪያ ላይ መጀመሪያ አሽትተው፣ አመንትተው፣ ኋላ እየተጋፉ አለፉ።

ጋሽ ደምሰው ጽዱን ላገ፣ ክፈፉን ገጣጠመ፤ ግን አልቸኮለም። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ጠንክራ አየሩ ሲደርቅ ጠበቀ።

«እርጥብ አየር መሀላቸው ከታሰረ መስታወቱ ሲያለቅስ ይከርማል» አለ። አሮጌውንም አዲሱንም ወለወለ። ክፈፉን ከውስጥ በኩል አስገባ። ዙሪያውን የቀረውን ስንጥቅ ሁሉ እትዬ የሻረግ በተረፈው ጠጉር እየጠቀጠቀች ደፈነችው።

ከዚያ ጧፍ ተለኮሰ። ባንቺአምላክ ጧፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ቀረበች። ያን ቦታ ታውቀዋለች፤ ድሮ እዚያ የቀረበ ነበልባል ይጎብጣል፣ ይርገበገባል፣ ይጠፋል። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ትንፋሹን የለቀቀ አልነበረም። ነበልባሉ አንዴ ዘንበል አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልክ እንደ መርፌ ቀጥ አለ።

«እግዚኦ!» አለ አያ ሸዋረጋ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

እትዬ ዘርትሁን ወደ ነበልባሉ፣ ቀጥሎም ወደ ተራራው አየች። «ስንቱን ወደዚህ ብርሃን ተቀበልሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም ሲወጣ ያለቅሳል፤ ስለሚበርደው ነው። አሁን ብርሃኑ ያለ ብርዱ መጣ።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ባንቺአምላክ ከእንቅልፏ ነቃች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሳል የለም። ደነገጠች። ወደ አልጋው ዞረች። አክስቷ ጋቢዋን ከአንገቷ ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ በእጇ ትጠራታለች።

ባንቺአምላክ ተነስታ መዳፏን በመስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ አልነከሳትም። ደጅ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል፤ ነፋሱም ወደ መሬት አስተኝቶታል። ነፋሱ ይታያል፤ አይሰማም። በዕድሜዋ ሙሉ ነፋስን በጆሮዋና በአጥንቷ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ብቅ አሉ። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ወንዶቹ ጎፈራቸውን ነፋስ እየበተነው፣ አንድ በአንድ ወጥተው በነጣው ሣር ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ጠበቁ። ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ነካች። አለቱ ቀላ፤ ቅላቱም ቁልቁል እየወረደ፣ ገደሉን ተሻግሮ መጥቶ የሁሉንም ደረት አበራ።

 አንዲት ግልገል ከእናቷ ጀርባ ወርዳ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። እትዬ ዘርትሁን እጇን ቀስ ብላ አነሳችላት።

ነገሬን በዚህ ጨረስሁ። ብርዱ ከደጃችሁ ይቅር፤ ብርሃኑ ከቤታችሁ ይግባ።