የጅረቱ ዳር መስክ እና አንበሳ

አንድ ጊዜ በአንድ ጅረት ዳር፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ እኩል ገብቶ የሚጫወትበት የጎልፍ መስክ ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። ከቆዳ የተሰፋች ትንሽ ኳስ በከዘራ እየመቱ ወስደው፣ ሩቅ ካለ ጉድጓድ መክተት ነው። በጥቂት ምት ዙሩን የጨረሰ ያሸንፋል። ጉድጓዶቹን ፍልፈል ቆፍሯል፤ ሣሩን በጎች እየጋጡ ያሳጥራሉ።

ሣሩ ሰርዶ ነበር። ሰርዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። ቢረግጡት አይሞትም፣ ቢግጡት ይጠነክራል፣ ማለዳ ጤዛ ይዞ ሲያዩት ዓይን ያጠግባል። ግን እንዲህ ያለ መስክ ጠባቂ ከሌለው አረም ይበላዋል። ይህን መስክ የምትጠብቀው አህያ ነበረች። እመት አህያ ይሏታል። ንግግር አታበዛም፤ የሥራዋን መልካምነት መስኩ ይናገርላት ነበር።

የመስኩ መግቢያ ዋጋ አንድ እቅፍ አረም ነው። ሊጫወት የመጣ ሁሉ ከመስኩ ዳር አረም ነቅሎ በሩ ላይ ያስቀምጣል። ጥንቸል በራሷ እቅፍ፣ ጎሽም በራሱ እቅፍ ይከፍላል። ስለዚህ አቅም አጥቶ ከበር የተመለሰ እንስሳ የለም። ሲመታ ሣር የገነጠለ መልሶ ይተክላል፣ ረገጥ አድርጎም ያልፋል። ኳሱ የጠፋበት አንድ ምት በራሱ ላይ ቆጥሮ በሌላ ኳስ ይቀጥላል። ቆጣሪ የለም። እያንዳንዱ የራሱን ምት ይቆጥርና መጨረሻ ላይ ሁሉም እየሰማ ይናገራል።

ከዚህ መስክ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ አንበሳ የራሱ መስክ ነበረው። ዙሪያውን በእሾህ አጥሮታል። መግቢያው አንድ የሰባ በግ ነበር። በዚህ ዋጋ የሚገባ ስላልተገኘ አንበሳ ብቻውን ይጫወታል። ምቱን ዝንጀሮዎች ይቆጥሩለታል። ሲቆጥሩም ከፍርሃት የተነሣ ሁልጊዜ ያሳንሱለታል።

አንድ ቀን ቀበሮ ኮረብታውን ወጣና አንበሳን እጅ ነሣ። የታችኛው መስክ እንደሚያምር፣ ግን ለፍየልና ለጥንቸል እንደባከነ ነገረው። ጌታዬ ቢያጥሩት፣ እኔም በር ጠባቂ ብሆን፣ ለክብርዎ ይስማማል አለ። የልቡን ግን አልተናገረም። በር ጠባቂ ሲሆን ለመግቢያ የሚመጣው በግ በእሱ እጅ እንደሚያልፍ አስቦ ነበር።

«ነገ ወርጄ እጫወትበታለሁ» አለ አንበሳ። «ካማረኝ አጥረዋለሁ።»

ወሬው ሳይመሽ ታች ደረሰ። በጎቹ ተጨነቁ። መስኩ ከታጠረ ጨዋታው ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ ግጦሹም ይቀራል፤ ሌላ ግጦሽ ደግሞ የላቸውም። ፍየል አንድ ምክር አመጣች። ሌሊቱን ሰርዶውን እንፈንቅለው፣ ጉድጓዶቹንም እንድፈናቸው፤ አስቀያሚ መስክ ካገኘ ትቶት ይሄዳል አለች። ብዙዎቹ ልክ ነው አሉ። ሰኮናቸውን አንሥተው ለመጀመርም ተዘጋጁ።

እመት አህያ መንገዱ ላይ ቆመች። «ሰርዶውን ገድለን የምናድነው ምንድን ነው?» አለች። «እንደወትሮው ይገኝ።»

ሌላ አልጨመረችም። እነሱም ሰኮናቸውን መለሱ። ያን ምሽት በጎቹ ከሌላው ቀን አብልጠው በጥንቃቄ ጋጡት።

በማግስቱ አንበሳ ቀበሮንና ጅብን አስከትሎ መጣ። መስኩን ሲያይ ቆመ። ከጅረቱ እስከ ጥድ ዛፎቹ ድረስ አንድ እንግዳ ቅጠል አይታይም ነበር። ከዳር እስከ ዳር አየው። ቀበሮ ይህን አይቶ ደስ አለው።

አንበሳ ሊገባ እግሩን ሲያነሣ እመት አህያ አጎንብሳ ሰላምታ ሰጠችው። ከዚያም «ጌታዬ፣ አረም» አለች።

በጎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀበሮ ቀደም ብሎ፣ ለማን እንደምትናገር ታውቅ እንደሆነ በቁጣ ጠየቃት። አውቃለሁ አለች። አንበሳ ወደ በሩ ተመለከተ። ጎሽ የነቀለው ክምር አለ፣ አጠገቡም ጥንቸል የነቀለችው ጭብጥ የማትሞላ አረም ተቀምጣለች። አንበሳ ወደ መስኩ ዳር ሄደ፣ አጎነበሰ፣ ያገኘውን ኮሸሽላ ያዘ። እሾሁ መዳፉን ወጋው። ስሙን እንኳ የማያውቀው ተክል ነበር። ነቀለው። ሌላም ነቀለ። እቅፉ እስኪሞላ ነቀለ።

ቀበሮም ጅብም ከዚያ በኋላ ላለመንቀል አፍ አልነበራቸውም።

ጨዋታው ተጀመረ። አንበሳ ሲመታ ኳሷ እንደ ወፍ ትበራለች። እመት አህያ ሩቅ አትመታም፣ ግን ቀጥ አድርጋ ነው። ሣር ስትገነጥል ትተክላለች፤ አንበሳም አይቶ እንደ እሷ ይተክል ጀመር። ቀበሮ አንድ ጊዜ የራሱን ኳስ በጭራው ገፋ ሲያደርግ ፍየል አየችው፣ ጭራህም ከዘራ መሆኑን አልሰማንም ነበር አለችው። ጅብ የሚጫወተው በወይራ ኳስ ነበር። የቆዳዋን ሲሰጡት ጉድጓድ ሳትደርስ ሆዱ ትገባለች፣ ስለዚህ ከዛፍ ጠርበው ሰጥተውታል።

እስከ መጨረሻው ጉድጓድ አንበሳና እመት አህያ እኩል ደረሱ። አንበሳ አነጣጥሮ መታ። ኳሷ ጅረቱ ዳር ካለው ቄጠማ ውስጥ ገባች። እንደ መስኩ ልማድ ሁሉም ሊፈልግ ገባ። ጅብ ቀደማቸው፣ ግን ባዶ እጁን ወጣ።

«ጅብ፣ ኳሴን አይተሃል?» አለ አንበሳ።

«አላየሁም፣ ጌታዬ» አለ ጅብ። ከንፈሩን ላሰና «ጨው ግን በዝቶባታል» አለ።

ፍየል «አያ ጅቦ፣ ከዘራዋንስ ለማን አስቀረሃት?» አለችው። ጥንቸል ሳትወድ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ቀበሮ ይህ ጥሩ አጋጣሚ መሰለው። ጥፋቱ የጅብ ነው፣ ጌታዬ ላይ ምት አይቆጠርም፣ በኮረብታው ቢሆን ይህ ወሬም አይሆንም ነበር አለ። አንበሳ ወደ አህያዋ ዞረ።

«የመስኩ ደንብ ምን ይላል?»

እመት አህያ ያ ሁሉ ግጦሽ በአንድ ቃሏ ላይ እንደቆመ ታውቃለች። በጎቹ ከኋላዋ ነበሩ፣ ሲተነፍሱ ትሰማለች።

«ኳስ የጠፋበት አንድ ምት ይቆጥራል» አለች። «ወንዝ ቢወስዳትም፣ ሆድ ቢወስዳትም ያው ነው። ባለፈው መኸር የእኔንም ጅብ እዚሁ በላብኝ። ቆጥሬዋለሁ።»

አንበሳ ሌላ ኳስ አምጡ አለ። መታ፤ ኳሷ ከጉድጓዱ ገባች። እመት አህያም የራሷን በሁለት ምት አስገባች። አህያዋ ምቷን ተናገረች። የአንበሳ ተራ ሆነ። ቀበሮ ጠጋ ብሎ አንድ ቁጥር በጆሮው ነገረው። አንበሳ በመዳፉ ገፋ አደረገው።

«በአንድ ምት ተሸንፌአለሁ» አለ፤ ድምፁ ጥድ ዛፎቹ ድረስ ተሰማ።

አንበሳ ሰርዶው ላይ ተቀመጠ። «በኮረብታዬ አንድ ቀንም ተሸንፌ አላውቅም» አለ። «አሸንፌ እንደማውቅ ግን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።»

ቀበሮ አሁንም ተስፋ አልቆረጠም። መስኩ እንዳማረዎ አይቻለሁና አጥሩን ከየት እንጀምር ብሎ ጠየቀ።

«አጥሬው ከማን ጋር ልጫወት?» አለ አንበሳ። «ካንተ ጋር?»

ቀበሮ ጭራውን ሰብስቦ በጥድ ዛፎቹ መካከል ሄደ። በጎቹም ቀስ ብለው ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። አንበሳ ከፍየል ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ፍየል ዞር ብላ «ጌታዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ ትንፋሽዎ ጀርባዬን አሞቀው» አለችው።

አንበሳም ፈቀቅ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ደንብ ያለው መስክ አጥር እንደማያስፈልገው ነው።