የተቀቀለ እርሾ

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆይ ደርብ፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ከዕድራችን ነገር የሚያነሡትን ሁሉ አስወጣሁ፤ ስብሰባው ጸጥ አለ፤ ታዲያ ሥራው ለምን ሞተ?» ነው ያልከኝ። መልሱ ያለው እዚህ ገበሬ ጓሮ ነው።

ገበሬው ጤፉን ትቶ እንጆሪ ተከለ። ጎረቤቶቹ «ወፍ ሊቀልብ ነው» ብለው ሳቁበት። እውነትም አልያዘለትም፤ ቅጠሉ ቢጫ፣ ፍሬው ሽንብራ የሚያህል፣ ያውም ኮምጣጣ። በመጨረሻ የሁለት መደብ ችግኝ ብቻ ቀረው። ያም ካልያዘ አካፋውን ሰቅሎ ለቀን ሥራ ከተማ ሊገባ ነው።

አንዲት የግብርና ባለሙያ መጥታ አፈሩን አየችና ሁለት ጠርሙስ ሰጠችው። «ባክቴሪያ ነው፤ በውሃ በጥብጠህ የችግኙን ሥር ንከርበት። አፈር ውስጥ ከሥሩ ጋር እየኖረ ምግብ እንዲያገኝ ያግዘዋል» አለችው።

ገበሬው ቃሉን ያውቀዋል። ልጁን ተቅማጥ ይዟት ልትሞትበት ስትል ጤና ጣቢያ «ባክቴሪያ ነው፤ ውሃውን አፍላ» ብለውታል። ሰውዬው ምክር ሰሚ ነው። አንዱን ጠርሙስ ድስት ውስጥ ገልብጦ አንተከተከው። አቀዝቅዞ ሥሩን ነከረና አንዱን መደብ ተከለ። ያም እንደ ቀድሞው ጠወለገ።

ለሁለተኛው ጠርሙስ እሳት ሲያያይዝ ሚስቱ ደረሰች።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ጀርሙን ልግደለው ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ ባለሙያዋ የሰጠችህ እሱን አይደል እንዴ? እርሾ እኮ ነው፣ አንተ ሰው። እርሾ ቀቅለህ ሊጥ ይነሣልሃል?»

ጠርሙሱን ነጠቀችውና ራሷ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ሥሩን ነከረች። እሱ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ተክለው ሲጨርሱ እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ።

ደርብዬ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ባየህ! ቅጠሉ መዳፍ አከለ፤ አበባው ነጭ ሆኖ ፈነዳ፤ ፍሬው እስከ አንገቱ ቀላ። ገበሬው የመጀመሪያዋን ቀጥፎ ቀመሰ። ሁለተኛዋን ሚስቱን አጎረሰና እዚያው መደቡ ዳር ጮቤ ረገጠ። የሳቁበት ጎረቤቶች ችግኝ ሊለምኑ በአጥሩ ተሰለፉ። ከተማ መግባቱም ቀረ።

አንተም እንዲሁ ነህ፣ ሊቀመንበር። አንድ ነገረኛ ዕድራችሁን ሊበትነው ደርሶ ነበር፤ አውቃለሁ፣ እሱ በሽታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሚጠይቅ አፍ ሁሉ በሽታ መሰለህ። «ድንኳኑ ተቀዶ እስከ መቼ ነው?» ያለችህን ሴትዮ እንኳ አባረርክ። እርሾው እሷ ነበረች። ዕድርህን ቀቅለኸዋል፤ ንጹሕ ነው፣ ግን አይነሣም። አሁን ተነሥና ደጇ ድረስ ሄደህ ጥራት። ስብሰባው ላይ ከጮኸችብህ፣ ተመስገን በል።