ችኮላ የበላው የዘርፌ መደብ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ላሚቱስ ደህና ናት፤ የዛሬው ጣጣ የበሬው ነው። አርፋችሁ ተቀመጡና ስሙኝ። አንቺ፣ አትቁነጥነጪ! የምነግራችሁም የቁንጥንጥ ሴት ነገር ነው።

በድሮ ዘመን ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራ ትወዳለች፣ መጠበቅ ግን አትችልም። ጫጩቱ ደርሷል እያለች እንቁላሉን ከዶሮዋ ሥር ታወጣለች። ባሏ ካሴ ሁለት በሬ ነበረው። አንደኛው ቦራ ይባላል። በፍልሰታ ጾም ዋዜማ ቦራን ጭቃ አዳለጠውና ገደል ገባ። እግሩ ተሰበረ። አረዱት። ዘርፌም አለቀሰች። በአንድ በሬ ማን ያርሳል?

ባገሩ ደንብ፣ የሰው በሬ ሲሰበር ጎረቤት ሥጋውን በመደብ በመደብ ይከፋፈልና በሬ ይተካለታል። የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ውበቴ መጡና እንዲህ አሉ፦

«ነገ ጾም ነው፤ ሥጋውን ማን ይወስዳል? ቋንጣ አድርጋችሁ አቆዩት። ጾሙ ሲፈታ እንካፈላለን፣ በሬም እንተካላችኋለን። ለሸተተ ሥጋ ግን በሬ የሚሰጥ የለም።»

ቋንጣ በነሐሴ! ፀሐይ የለ፣ ደረቅ ነፋስ የለ። ጾም ነውና ቀምሶ ማየት እንኳ አይቻል። ደግነቱ የካሴ እናት፣ እማማ ሰገዱ፣ እግራቸው አልታዘዝ ቢላቸውም ብልሃቱን ያውቃሉ። እሳቸው እንዳሉት ካሴ ጓሮ ትንሽ ጎጆ ቀለሰና አናቱ ላይ የጭስ መውጫ ቀዳዳ ተወለት። ሥጋው ተዘለዘለ፣ በጨውና በበርበሬ ታሸ፣ ጠፍር ላይ ተሰቀለ። ከሥሩም የወይራ ጉማጅ ተያያዘ። እማማም፦

«ልጄ፣ እሳቱ ይጭስ እንጂ አይንደድ። በሩንም ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ» አሏት።

«እሺ እምዬ» አለች ዘርፌ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ገና ከመቀመጧ ተነሣች። ከፈተች። ሥጋው እርጥብ ነው። እንጨት ጨመረችና ዘጋች። ደግሞ ተነሣች፣ ደግሞ ከፈተች። ብርዱ ገባ፣ እንጨት ጨመረች። እሳቱ ተንቦገቦገ። በማግስቱ ሥጋውን ብትነካው ደርቆ እንጨት ሆኗል። እልል ልትል ምንም አልቀራት። በቢላ ብትሰነጥቀው ግን ውስጡ ጥሬ ነው። ላዩ ቶሎ ደርቆ ውሃውን ዘግቶበታል።

ደነገጠችና እሳቱን ቀነሰች። ከዚያም ቀና ብትል ጭሱ በቀዳዳው ይወጣል። «ይሄ ሁሉ ጭስ ለሰማይ!» አለችና ቀዳዳውን በጭድ ወተፈችው። የሥጋው እንፋሎት መሄጃ አጣ። ጣራው ላይ ተጠራቀመና ጠብ፣ ጠብ እያለ መልሶ ሥጋው ላይ ወረደ። ወፍራም ወፍራሙም ሸተተ።

ዘርፌ ሮጣ እማማ እግር ሥር ወደቀች፦

«እምዬ፣ በሬያችንን ሁለተኛ ጊዜ ገደልኩት!»

«ተነሺ፤ ለቅሶ ሥጋ አያደርቅም። የሸተተውን ለጅብ ጣይው። የተረፈውን እንደገና አሳስተሽ ዘልዝይው፣ የታፈነው ውሃ ይውጣ። ቀዳዳውን ክፈቺ፤ ጭስ ሲወጣ እርጥቡን ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ለዚያች ለማታርፍ እጅሽ ደግሞ፣ እንቺ» ብለው እንዝርትና ጥጥ ሰጧት። «ይህ እንዝርት ሳይሞላ በሩን ብትነኪ፣ ወየውልሽ!»

ዘርፌ ጎጆው በር ላይ ተቀምጣ ፈተለች። ልቧ ግን አይቀመጥም። ዝናቡ ሲበረታ፦ እሳቱ ጠፍቶ ይሆን? ዝናቡ ሲያባራ፦ ነዶ ይሆን? እጇ ወደ በሩ ይሄዳል፣ እንዝርቱ ይመልሳታል። እንዝርቱ ሲሞላ ትገባና ጉማጁን አስጠግታ ትወጣለች። ከዚያም ሌላ ጥጥ ታነሣለች። እንዲህ እየተቃጠለች ጾሙ አለቀ።

ጎረቤቱ መጣ። አያ ውበቴ አንድ ዝልዝል አነሡና ሰበሩት። ቀጭ! ውስጡን አዩ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ፦

«ቋንጣ ማለት ይህ ነው!»

ዘርፌ ተነፈሰች። በየኮባ ቅጠሉ ላይ እኩል እኩል መደበች። አያ ውበቴ መደቡን አዩና፦

«የእናንተ ቤት መደብ የታለ?» አሏት።

ዘርፌ አንገቷን ደፋች።

«የእኛንማ ችኮላዬ በላው፣ አያ። የሸተተው የእኛ ድርሻ ነው።»

ይህን ጊዜ አያ ውበቴ ባዶ ቅጠል አነጠፉና ከራሳቸው መደብ አንድ ዝልዝል አኖሩበት። ቀጥላ ጎረቤቷ አኖረች። ሁሉም በየተራው አኖረ። የዘርፌ መደብ ከሁሉ መደብ በለጠ። ወዲያው ደግሞ ከደጅ የበሬ ድምፅ ተሰማ። እማማ ሰገዱም ከቤት ሆነው ጮኹ፦

«አንቺ ቁንጥንጥ! አሁንማ ተነሺ፣ ሩጪ፣ በሬሽን ተቀበዪ!»

ጉድ እኮ ነው! ያን ቀን ዘርፌ መነሣት አቃታት። ቋንጣዋን ታቅፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እዚያው ቁጭ አለች።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በቋንጣ አብሱልኝ። አሳስታችሁ ዘልዝሉት ታዲያ፣ ጥርስ የለኝም!