ለእማማ ዙርያሽ አንድ ብርጭቆ የግመል ወተት

ነገር ነገርን ይወልዳል፤ ጉዳይም ጉዳይን ይጎትታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ሲስተር ፊሎሚናን ድሬዳዋን ያዞራትን ቀን ልንገራችሁ። እናንተ ሰንሰለቱን ብቻ ያዙልኝ፣ ከእጄ እንዳይወድቅ።

ሲስተር ፊሎሚና ከእምድብር የመጣች ካቶሊክ ሲስተር ናት። ሲስተሮቹ ጠያቂ የሌላቸውን አዛውንትና በሽተኞች በሚያነሡበት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እዚያ ቤት ክርስቲያኑም እስላሙም ይገባል፤ በሩ ላይ የሚጠየቀው የት እንደሚያመው ብቻ ነው። የሲስተር ፊሎሚና እግር ግን አያርፍም። ቁርሷን ቆማ ትበላለች። መቁጠሪያዋን እየሄደች ትደግማለች። ሰው ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ ወንበር ይቀርብላትና፣ ገና ሳትቀመጥ አንሶላ ላምጣ ብላ ትወጣለች። ይህን ራሷም ታውቀዋለች፤ ለንስሐ አባቷም ነግራቸዋለች።

እማማ ዙርያሽ ወደዚህ ቤት ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ በረንዳ ላይ፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የተገኙት። ልጅ የላቸውም፣ ዘመድም የላቸውም። ጉልበት በነበራቸው ዘመን ኤረር ጣቢያ ላይ ለመንገደኛ ሻይ ያፈሉ ነበር። ልባቸው ደክሟልና መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ መድኃኒቱ ደግሞ በባዶ ሆድ አይሰጥም። እሳቸው ምግብ ከተዉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ ሲስተር ፊሎሚናን ኮሪደር ላይ አቆመቻት። «ዛሬም ሳይውጡ ከዋሉ እኔ አልችልም» አለቻት። «እስከ ማታ አንድ ነገር ሆዳቸው ይግባ።»

ሲስተር ፊሎሚና አልጋው ጫፍ ቆመች። «እማማ፣ ምን ላምጣልዎ? ሾርባ? አጃ?»

እማማ ዙርያሽ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «የግመል ወተት ቢሆን እጠጣ ነበር» አሉ። «ሌላው አይወርድልኝም ልጄ። አታስቸግሪኝ።»

ይቺ ናት ጉዳይዋ። አንድ ብርጭቆ ወተት። ሲስተር ፊሎሚና ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ወጣች። የቤቱ መኪና ሐረር በሽተኛ ይዞ ሄዷል፤ እሷ ግን መኪና ቢኖርም በእግሯ ትቀድመው ነበር።

ቀፊራ ገበያ ደረሰች። ወተት ሻጯ ፋዱማ ባዶ ጀሪካኗን ገልብጣ ተቀምጣበታለች።

«ፋዱማ፣ እማማ ዙርያሽ ያለ ወተት መድኃኒት አይውጡም። አንድ ብርጭቆ ስጪኝ።»

«ከየት አባቴ» አለች ፋዱማ። «ዘንድሮ ዝናብ የለም፣ ግመሎቹ ርቀዋል። ገበያው ውስጥ የሚገባው ወተት የኔው ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያልቡልኝ ሴቶች ከሽንሌ ወዲያ ግራር ሥር ይዘውት ቆመዋል። የዚያን መንገድ አሸዋ ከረመዳን ባጃጅ በቀር የሚደፍረው የለም። ረመዳን ደግሞ አልመጣም። ነይ፣ ከጎኔ ቁጭ በይ፣ ይመጣል።»

«መቀመጥስ አልችልም» አለች ሲስተር ፊሎሚና። ይህን ስትል ሦስት መደብ አልፋ ነበር።

ረመዳንን መንገድ ዳር አገኘችው። ባጃጁ የኋላ አንድ እግሩ ወልቆ በድንጋይ ተደግፏል፤ እሱ ደግሞ በባጃጁ ጥላ ተጋድሟል።

«ረመዳን፣ እማማ ዙርያሽ ያለ ወተት መድኃኒት አይውጡም፤ ወተቱ ያለ ባጃጅ አይመጣም። ተነሥ፣ እንሂድ።»

«በምን እንሂድ አንቺ ሲስተር?» አለ ረመዳን። ድሬ አንቱታን እምብዛም አያውቅም፤ ሲስተርም ከለመደችው ቆይታለች። «ጎማው ተንፍሶ ጋሽ ተካበ ጋ ነው። ትርፉ ጎማ ባለፈው ሳምንት ፈነዳ። አቦ፣ አታጣድፊኝ፤ እኔም ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ቆመውልኝ አንጀቴ እያረረ ነው።»

ሲስተር ፊሎሚና ወደ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ገሰገሰች። ፀሐዩ ከአናት ሊደርስ ነው። ላብዋ ከሻሿ ሥር በጆሮዋ አጠገብ ይወርዳል። ጋሽ ተካበ በሱቁ ደፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፤ ዘይት የነካ እጅ ሥራ ፈትቶ ሲያዩት ያስፈራል።

«ጋሽ ተካበ፣ እማማ ዙርያሽ ያለ ወተት መድኃኒት አይውጡም፤ ወተቱ ያለ ባጃጅ አይመጣም፤ ባጃጁ ያለ ጎማ አይሄድም። ስለ እመቤታችን፣ ጎማውን ይስጡኝ።»

ጋሽ ተካበ በአገጫቸው ወደ ውስጥ አሳዩዋት። የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪው፣ በማጣበቂያው ማሽን ተነክሶ ተቀምጧል።

«ግማሽ ተጣብቆ መብራቱ ጠፋ። አሁን ብስበው ይቀደዳል። የቀረውን መብራት ይጨርሰው።»

«መብራቱስ መቼ ይመጣል?»

«መብራትማ ከተማው ሁሉ አለ» አሉ ጋሽ ተካበ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኔ ከአከራዬ ቆጣሪ ነው የሚመጣው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ከጓሮ አጠፉብኝ። እኔ እንደሆን አልገባም፤ ጠዋት ገብቼ የሰማሁት ይበቃኛል።»

ሲስተር ፊሎሚና የግቢውን በር አንኳኳች፤ ሳይከፈትላት ገፋ አድርጋ ገባች። ወይዘሮ ሸዋረገድ ቆጣሪው ሥር በርጩማ አድርገው እንደ ዘበኛ ተቀምጠዋል። ከቤት ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ብዙ ያለቀሰ፣ ድምፁ የሻከረ ሕፃን ለቅሶ።

«እሜቴ፣ እማማ ዙርያሽ የሚባሉ ሴት ያለ ወተት መድኃኒት አይውጡም፤ ወተቱ ያለ ባጃጅ አይመጣም፤ ባጃጁ ያለ ጎማ አይሄድም፤ ጎማው ያለ መብራት አይጣበቅም። መብራቱን ያብሩልን።»

«እኔ ደግሞ የልጅ ልጅ አለኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም። ሸለብ ሲያደርገው ያ የተካበ ጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ይጮህና ይባንናል። ሕፃኑ ካልተኛ መብራቱ አይበራም። የጳጳስ ደብዳቤ ብታመጪ አይበራም።»

«ለምን አይተኛም?»

«ራበዋ። ምራቴ ጡቷ አብጦ ድንጋይ ሆኗል። ሲነካት ትጮሃለች፤ እንቢ፣ አላጠባም ብላለች። ግቢና ምከሪያት፤ ያልመከራት የለም።»

ሲስተር ፊሎሚና ሰማዩን አየች። ስድስት ሰዓት አልፏል። ቶሎ ነግሬያት ልውጣ ብላ ገባች።

አራሷ ቃልኪዳን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ሕፃኑ ከጎኗ በጨርቅ ተጠቅልሎ እጁን ያወናጭፋል፤ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

«ልጄ» አለች ሲስተር ፊሎሚና ቆማ፣ አንድ እጇ በሩን እንደያዘ። «እማማ ዙርያሽ ያለ ወተት መድኃኒት አይውጡም፤ ወተቱ ያለ ባጃጅ አይመጣም፤ ባጃጁ ያለ ጎማ አይሄድም፤ ጎማው ያለ መብራት አይጣበቅም፤ መብራቱ ሕፃኑ ካልተኛ አይበራም፤ ሕፃኑ ካልጠባ አይተኛም። እኔ አገሬ ክሊኒክ ውስጥ አዋላጅ ነበርኩ። ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክረሽ ጡትሽ ላይ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ በእጅሽ እሺው፣ ከዚያ ልጁን አስጠጊው። ገባሽ?»

ቃልኪዳን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ሁሉም በር ላይ ቆሞ ይነግረኛል» አለች ከነጠላው ሥር። «ጎረቤቱም፣ እትዬም፣ ነርስም መጥታ ነበር። ነግረውኝ ይሄዳሉ። አንቺም ነገርሽኝ። ሂጂ በቃ።»

ሲስተር ፊሎሚና በሩን እንደያዘች ቀረች። እስካሁን ያገኘቻቸው ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ልከዋታል። ይቺ ወደ ማንም አልላከቻትም። እግሯ ወደ ውጭ ይላል። ግራር ሥር የቆሙት ሴቶች፣ ባጃጁ፣ ማሽን የነከሰው ከመነዳሪ፣ አልጋቸው ላይ ዓይናቸውን የጨፈኑት እማማ ዙርያሽ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይጠሯታል። እስከ ማታ ብላለች ነርሷ። ይቺን ልጅ ትቶ ሌላ ባጃጅ መፈለግም ይቻል ነበር፤ አሸዋውን የሚደፍር አንድ አይጠፋም ብላ አሰበች። ነጠላው በልጅቱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል አየችው።

በሩን ለቀቀችው። ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«አልሄድም» አለች።

መጀመሪያ እግሯ ልሂድ ልሂድ ይል ነበር፤ ጉልበቷን በእጇ ተጫነችው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ሙቅ ውኃ በሳሕን አመጡ። ሲስተር ጨርቁን ነክራ ጨምቃ አደረገችላት፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ነከረችው። ቃልኪዳን ጥርሷን ነከሰች። ሁለተኛው ሳሕን ሲመጣ ማውራት ጀመረች። እናቷ ሂርና እንደነበሩ፣ አምና እንደሞቱ፣ ምጥ ሲይዛት ሳታስበው የእሳቸውን ስም እንደጠራች፣ ባሏ ሾፌር እንደሆነና ልጁን ገና እንዳላየው። ሲስተር ፊሎሚና ምክር አልሰጠቻትም። «እህ» ትላለች፤ ደግሞ ጨርቁን ትነክራለች። መቼ እንደሆነ ሳታውቀው እግሯ አረፈ።

ሦስተኛው ሳሕን ላይ ወተቱ ጠብ አለ፤ ከዚያ ፈሰሰ። ቃልኪዳን በሁለት ነገር አለቀሰች፣ በሕመሙም በመቅለሉም። ራሷ ልጁን ሳበችና አስጠጋችው። አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ፣ በሦስተኛው ያዘ። ለቅሶው ተቋረጠ። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ጋሽ ተካበ ውጭ ሲያስሉ ተሰማ። ሕፃኑ ጠባ፣ ጠባና አፉ እንደተከፈተ ተኛ።

አሁንስ አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም። ሲስተር ፊሎሚና ብድግ ብላ ወጣችና፣ «እሜቴ፣ ሕፃኑ ተኛ። መብራቱን ያብሩልን» አለች።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ቆጣሪውን በጀርባቸው ከለሉት። «ተኛ? እንግዲያማ ጨርሶ አይበራም። ሁለት ቀን ያልተኛውን ልጅ ያ ኮምፕሬሰር ሊቀሰቅስብኝ?»

ሲስተር ፊሎሚና አልወጣችም። እዚያው ግቢው መሐል፣ ባዶ እግሯን፣ ትኩሱ ሲሚንቶ ላይ ቆመች።

«እትዬ» አለች ቃልኪዳን ከውስጥ፣ በዝግታ። «አብሩላቸው። ያስለቀሰው ረኃብ ነበር። አሁን ጠግቧል።»

«ቢነሣስ?»

«ቢነሣ አጠባዋለሁ።»

ወይዘሮ ሸዋረገድ ምራታቸውን በበሩ አሻግረው አዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰድደው ማብሪያውን ከፍ አደረጉት። ኮምፕሬሰሩ አጓራ። ሦስቱም ሴቶች ወደ ሕፃኑ ዞሩ። ሕፃኑ ጣቶቹን ዘረጋ፣ ከንፈሩን አላመጠ፣ ተኛ።

ከዚህ ወዲያ ማን ያቆመዋል። ሕፃኑ ጠብቶ ተኛ፤ ሕፃኑ ቢተኛ መብራቱ በራ፤ መብራቱ ቢበራ ጎማው ተጣበቀ፤ ጎማው ቢጣበቅ ባጃጁ ተነሣ። ሲስተር ፊሎሚና ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ረመዳን አሸዋውን እየሰነጠቀ ነዳ። ሴቶቹ ግራር ሥር እንደቆሙ ነበሩ። በጢስ የታጠነውን የወተት ዕቃቸውን ጫኑ፤ ረመዳንን ስለ መዘግየቱ በሶማልኛ አንድ ሁለት ቃል አሉት፤ እሱም አንገቱን ደፋ። ባጃጁ ቢመለስ ወተቱ ገበያ ገባ፤ ፋዱማ የመጀመሪያውን ለማንም ሳትቀዳ በትንሽ ጀሪካን ሞልታ ለሲስተር ሰጠች።

እማማ ዙርያሽ ጋ ስትደርስ ፀሐይ ወደ ተራራው አዘቅዝቃ ነበር። ነርሷ መድኃኒቱን በትንሽ ክዳን ይዛ ቆማለች። ሲስተር ፊሎሚና ወተቱን በብርጭቆ ቀዳች፤ እማማን በክንዷ ደግፋ ቀና አደረገቻቸው።

እማማ ዙርያሽ መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ ቀመሱ። ከዚያ እስከ ግማሹ ጠጡ፤ መድኃኒቱን በዚያው ላይ ዋጡ፤ የቀረውንም ጨለጡት።

ነርሷ ባዶውን ክዳን ይዛ ወጣች።

«ቀጠን ብሏል» አሉ እማማ ዙርያሽ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። «የኤረሩ ይሻል ነበር።»

«እውነት ነው እማማ?» አለች ሲስተር ፊሎሚና።

«እውነቴን ነው። የኤረሩ ማንኪያ ያቆማል።» ባዶውን ብርጭቆ ዘረጉላት። «ጨምሪልኝ።»