ባዶውን የሚዘፍን ዲናሞ

አንድ ሰው ነበረ። ሐዋሳ ከተማ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሞተር ይጠቀልል ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ሞተር መጠቅለል ማለት የተቃጠለውን የመዳብ ሽቦ ከሞተሩ ሆድ አውጥቶ በአዲስ ሽቦ መተካት ነው። የወፍጮ ሞተር በሉት፣ የውሃ መሳቢያ በሉት፣ የእንጨት መሰንጠቂያ በሉት፣ የተቃጠለ ሁሉ እሱ ደጅ ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖረ። ጋሽ ኤርጫፎ ይሉታል።

ይህ ሰው አንድ የሚኮራበት ነገር ነበረው። ጆሮው።

ጠቅልሎ የጨረሰውን ሞተር መሬት ላይ ያስቀምጥና መብራት ይሰጠዋል። ሞተሩ ቀበቶ አልታሰረለትም፤ የሚጎትተው ድንጋይ የለም፤ ባዶውን ይዞራል። ጋሽ ኤርጫፎ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሣል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ባለ ሞተሩ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ድምፁ ጥርት ካለ፣ "ውሰድ" ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

ይህ ጥፋት ነው? አይደለም። ጆሮን የሰጠ እግዚአብሔር ነው። ጥፋቱ ያንኑ ካቻቢቴ ልጁ ላይ ደግኖ እሱንም በድምፁ መመዘኑ ነው።

ልጁ ስምዖን ይባላል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አብሮት ይሠራል። ዲዳ አይደለም፤ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። "ስምዖን፣ ያንን አንሣ።" "እሺ አባባ።" "ስምዖን፣ ይህ ሽቦ ቀጠነ፤ ቀይረው።" "እሺ አባባ።" ከጠዋት እስከ ማታ እሺ አባባ። ወፍጮ ቤት ያለው ጎረቤታቸው ደጀኔ በመጣ ቁጥር፣ "ጋሽዬ፣ ይህን ልጅ ሶኬት ላይ መሰካት ረሳኸው እንዴ?" ይላል። አባትየውም አብሮ ይስቃል።

በገዛ ልጁ ላይ ከጎረቤት ጋር የሚስቅ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አትዙሩ፤ ጎረቤታችሁን አትዩ። ስለ እናንተ ነው የምጠይቀው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት አንድ የጀልባ ሠሪ፣ ሐይቁ ዳር ወርክሾፕ ያለው ሰው፣ ወጣቶችን ለውድድር ጠራ። ክንድ የምታህል፣ በባትሪ የምትሄድ፣ በሪሞት የምትነዳ ጀልባ ሠርታችሁ አምጡ አለ። ውሃው ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ይንሳፈፋሉ፤ እነሱን አሥር ጊዜ ዞራ ቀድማ የገባችውን ጀልባ የሠራ፣ እኔ ዘንድ በቋሚነት ይቀጠራል አለ።

መጫወቻ ነው አትበሉ። ለስምዖን መጫወቻ አልነበረም። ሦስት እኩዮቹ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄዱ ደላላ ይዘው ጨርሰዋል። አራተኛው እሱ ነው፤ እየጠበቁት ነው። ለእናቱ ለታደለች እንዲህ አላት፦ "እማዬ፣ ጀልባዋ ካሸነፈች እቀራለሁ። ካላሸነፈች ከልጆቹ ጋር እሄዳለሁ።" ታደለችም ለባሏ ነገረችው። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህችን ያዙልኝ። አባትየው ያውቅ ነበር።

ስምዖን ጀልባዋን ሁለት ወር ሠራት። ገላዋን በፋይበርና በሙጫ ቀረጸ፤ እስክታንሸራትት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሻት። ከኋላዋ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚቀዝፍ ትልቅ ፕሮፔለር አዘጋጀላት። የቀረው ዲናሞው ነው። ትንሿን ሞተር እኛ ዲናሞ እንላት የለ? ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት አስመጥቶ ነበር፤ አንዱ ቀይና ቀጭን፣ ሌላው ጥቁርና ወፍራም። ጀልባዋ የምትይዘው አንድ ብቻ ነው።

ውድድሩ ቅዳሜ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት አባትየው መጣና ቆመበት። ደጀኔም ነበረ፤ ይህ ሰው ሥራ የለውም፣ የሌለበት ቦታ የለም።

"የቱን ልታስር ነው?" አለ ጋሽ ኤርጫፎ።

"ወፍራሙን።"

"እስቲ ሁለቱንም አምጣቸው።"

ቀዩን ከባትሪው ጋር አገናኘው። ዲናሞው እንደ ተቆጣ ንብ ጮኸ፤ ቤቱ ሞላ። ደጀኔ አፏጨ። ከዚያ ጥቁሩን አገናኘው። እሱ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ፤ እንደ ጠገበ በሬ። ጋሽ ኤርጫፎ ካቻቢቴውን አነሣ፤ አንዱን አዳመጠ፣ ሌላውን አዳመጠ።

"ስማ ልጄ። ይሄ ቀዩ ይዘፍናል። ያኛው የታመመ ነው።"

ስምዖን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀና አለ። ያን ቀን በዕድሜው ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

"አባባ፣ ይሄ አየር ላይ ነው። ውሃ ይከብዳል። ቀጭኑ ትልቋን ፕሮፔለር ሲገፋ ይቃጠላል።"

ቁጠሩት፤ አሥራ ሁለት ቃል ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አጠራቅሞ ያወጣው አሥራ ሁለት ቃል።

አባትየው ደጀኔን አየው። ደጀኔ መሳቅ ጀምሯል።

"ሰማህ ደጀኔ? ውሃ ይከብዳል አለኝ። እኔ የሐይቅ ዳር ሰው ይህን ዛሬ መስማቴ ነው።"

"ሶኬቱ ተሰክቶ ነው ጋሽዬ፤ ተናገረ እኮ።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አባትየው ቀዩን ዲናሞ በልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠና "ውሰድ" አለው።

"እሺ አባባ" አለ ስምዖን።

አሁን ከእናንተ መካከል አንድ ብልጥ፣ "ታዲያ አባቱ ዞር ሲል ለምን ወፍራሙን አላሰረም?" ይላል። ለምን አላሰረም? አባት ሲናገር እሺ በል ብላችሁ ያሳደጋችሁት እናንተ አይደላችሁም? እሺ ያለው ልጅ እንደ ቃሉ ሲያደርግ ደግሞ ሞኝ ትሉታላችሁ?

ቅዳሜ ደረሰ። ሐይቁ ዳር ሰው ሞልቷል። ሰባት ጀልባ ተሰለፈ። ሂዱ ሲባሉ የስምዖን ጀልባ ተወረወረች። አንደኛውን ዙር ብቻዋን ዞረች፤ ሁለተኛውን ብቻዋን። ድምፅዋ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። ጋሽ ኤርጫፎ አጠገቡ ለቆመው ሁሉ፣ "ዲናሞውን የመረጥኩት እኔ ነኝ" ይላል። ስምዖን ግን አልሳቀም። ጣቱ ሪሞቱ ላይ ነው፤ ዓይኑ ጀልባዋ ላይ ነው፤ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የቆመ ይመስላል።

አራተኛው ዙር ላይ ድምፅዋ ቀጠነ። አምስተኛው ላይ ተቆራረጠ። ስድስተኛው ዙር ላይ፣ ከሁለተኛው ጀሪካን ጋር ስትደርስ፣ ከሆዷ ጭስ ወጣና ቆመች። ሌሎቹ ጀልባዎች እንደ ዳክዬ ቀስ እያሉ በአጠገቧ አለፉ። አሥሩንም ዙር ጨረሱ። ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ሄደው ጎትተው አመጧት።

አባትየው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አለ መሰላችሁ? "እኔ አጠፋሁ" አለ? አላለም።

"ምን ዋጋ አለው፤ እጅህ ነው" አለው። "ደህና ዲናሞ ሰጥቼህ አበላሸኸው።"

ልጁ፣ "የመረጥከው አንተ ነህ" ማለት ይችል ነበር። ደጀኔ ምስክር ነው። አላለም። ውሃ የሚንጠባጠብባትን ጀልባ ደረቱ ላይ ታቅፎ፣

"እሺ አባባ" አለ።

ማክሰኞ ዕለት ከልጆቹ ጋር ሄደ።

ከሞያሌ አንድ ጊዜ ደወለ። እናቱ ገበያ ነበረች፤ ስልኩን ያነሣው አባቱ ነው። "ደርሰናል" አለ። "ራስህን ጠብቅ" አለው አባቱ። "እሺ አባባ።" ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሌላ ስልክ የለም። ከሦስቱ ልጆች አንዱ ታንዛኒያ ታስሮ ተመልሷል። "ድንበር ላይ ሌሊት ተበታተንን፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም" ይላል። ከዚህ የበለጠ አያውቅም። ታደለች በሳምንት አንድ ቀን እየሄደች ያንኑ ትጠይቀዋለች፤ ልጁም ያንኑ ይመልስላታል።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሏችሁ ይሆናል። አላለቀም።

ስምዖን በሄደ በሁለተኛው ወር ደጀኔ የወፍጮ ሞተሩን አሸክሞ መጣ። የዚያን ቀን አልቀለደም። "ጋሽዬ፣ ባዶውን ይዘፍናል፤ በቆሎ ሲገባበት ያለቅሳል" አለ። ጋሽ ኤርጫፎ እንደገና ጠቀለለው፣ አዳመጠው፣ "ውሰድ" አለው። በሳምንቱ ተመለሰ። ቀጥሎ የውሃ መሳቢያው መጣ። ቀጥሎ የእንጨት መሰንጠቂያው። ባለ ሞተሮቹ በቁጣ ሳይሆን በሐዘኔታ ያዩት ጀመር፤ ከቁጣ የሚብሰው ደግሞ እሱ ነው።

አንድ ቀን ሽቦ ፍለጋ ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ ገባ። እዚያ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ በእንጨት ላይ ተተክሎ፣ ቀበቶ ተንጠልጥሎበት አየ። ታደለችን ጠራት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የስምዖን ነው" አለች። "አንተ ለምሳ ስትመጣ፣ 'ውሰድ' ያልከውን ሞተር ሁሉ ባለቤቱ ጋሪ ይዞ እስኪመለስ እዚህ አስሮ ድንጋዩን ያስጎትተው ነበር። የቻለውን ይመልሳል። ያልቻለውን ፈትቶ ይጠቀልለዋል።"

"ስንት ጊዜ?"

"ጆሮህ ከደከመ ጀምሮ። ስድስት ዓመት ይሆናል።"

ሰውየው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። "ለምን አልነገረኝም?" አለ።

"አንድ ቀን ነገረህ" አለች ታደለች። "ሳቅህበት።"

ያን ቀን ወደ ቤት ገብቶ ጀልባዋን ከመደርደሪያ አወረዳት። ክዳኗን ከፈተ። የተቃጠለው ቀይ ዲናሞ የታሰረበት ቀዳዳ በጥድፊያ የተበሳ ነው፤ ጠርዙ ሻካራ ነው። ከጎኑ ግን አራት ቀዳዳዎች አሉ። ልካቸው የተጠበቀ፣ ጠርዛቸው የለሰለሰ፣ ቡሎን ገብቶባቸው የማያውቅ። ጥቁሩን ዲናሞ ፈልጎ አስቀመጠው። አራቱም ላይ ልክክ አለ።

ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞላ፤ ጀልባዋን አስገባና ባትሪውን አገናኘ። አልጮኸችም። አጉረመረመች፤ አፍንጫዋን ሳፋው ጠርዝ ላይ ተክላ ገፋች፤ ሳፋው ከነውሃው በሲሚንቶው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ጋሽ ኤርጫፎ ካቻቢቴውን ዲናሞው ላይ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ውሃውን እየገፋ ያው ማጉረምረም ነው። የታመመ ነው ያለው ድምፅ። በሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ።

በጉባኤ የሚጮኸው፣ መከራ ሲነካው የሚቃጠለው ክርስቲያን ቀዩ ዲናሞ ነው እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። እውነት ነው፤ ታውቁታላችሁም፤ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁ "አሜን" ብላችሁ ሄዳችኋል። ዛሬ ቀዩን ዲናሞ ተዉት። እሱ ምን አጠፋ? ያልተሠራለት ቦታ አሰሩት፤ ተቃጠለ። ዛሬ ጉዳዬ ካቻቢቴውን ከያዘው ሰው ጋር ነው።

ቤታችሁ ውስጥ እሺ የሚላችሁ ማን ነው? ምራታችሁ ናት? ሚስትህ ናት? ታናሽ ወንድምህ ነው? ለስንት ዓመት እሺ አለህ? እሺ ሲልህስ ምን ማለቱ ነበር? "ትክክል ነህ" ማለቱ ነበር? "ደክሞኛል" ማለቱ ነበር? "ልሄድ ነው" ማለቱ ነበር? ጠይቀህ ታውቃለህ?

ጋሽ ኤርጫፎ ዛሬ ስልኩን ከኪሱ አይለይም። የማያውቀው ቁጥር ሲጠራ የያዘውን ሽቦ ጥሎ ያነሣዋል። ከሞያሌ የሰማት የመጨረሻዋ "እሺ አባባ" የትኛዋ እሺ እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቀም። "አንድ ጊዜ 'እምቢ አባባ' ቢለኝ ኖሮ" ይላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ ልጁ ብሎት ነበር። በትሕትና፣ በሐሙስ ቀን፣ በአሥራ ሁለት ቃል እምቢ ብሎት ነበር። አባትየው ነው እምቢታ ጩኸት ካልሆነ የማይሰማው።

ስንቶቻችሁ ናችሁ የቤታችሁ ጣሪያ በዝምተኛ ሰው ትከሻ ላይ ቆሞ፣ እናንተ ምሰሶው አይናገርም ብላችሁ የምትስቁ? እሱ ሲሄድ ነው የምታውቁት። ሞተሩ ሁሉ ሲመለስ ነው የምታውቁት። ያን ጊዜ የሳፋ ውሃ ላይ ጎንበስ ብሎ ማልቀስ ምን ይጠቅማል?

የሄደውን እግዚአብሔር ይመልስልን፤ የታደለችን ዓይን ያብስ። ያልሄደው ግን አሁን ቤታችሁ ነው ያለው። ዛሬ ስትገቡ ገና ደጃፍ ላይ "እሺ" ይላችኋል። ቁጭ አድርጉት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ጎረቤቱንም አስወጡት። "አንተ የምትለው ምንድን ነው?" በሉትና ጠብቁ፤ ቶሎ አይመጣለትም፤ ጠብቁ።

አሥራ ሁለት ቃል ነው ያለው። እስኪጨርስ አትሳቁ።