ፊታውራሪ ዘውገ አልወርድም ያሉበት ትራክተር

የፊታውራሪ ዘውገ ግቢ ከመስፋቱ የተነሳ፣ ጢሙን ተላጭቶ በበሩ የገባ እንግዳ ሳሎን ሲደርስ ጢሙ ደረቱን ይነካ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጓሮ ያለው መስካቸው ደግሞ ከሣሩ ድንጋዩና ጉቶው ይበዛል።

አንድ ቀን ሁለት የሣር ማጨጃ ትራክተሮች ለምርጫ አስመጡ። አንደኛው ጎማው ትልቅ፣ ብረቱ ወፍራም፣ መቀመጫው ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛው ቁመቱ ከበግ አይበልጥም፤ መቀመጫው ግን እንቅልፍ ያስወስዳል። ፊታውራሪ በትንሹ ላይ ጉብ አሉና ውረዱ ቢባሉ እምቢ አሉ።

ከዚያ ሃያ ዓመት ሣራቸውን በማጭድ ያጨደላቸውን ሰው አስጠሩ።

«አንተ ምላሰኛ! ለግቢዬም ለመስኬም የሚሆነውን ምረጥ። የመረጥከው መስኩ ላይ ከቆመብኝ፣ ከነሚስትህ መስኬ ዳር ካለው ጎጆህ ትወጣለህ!»

አጫጁን ጨነቀው። ትልቁን ቢል፣ ጌታውን ከመቀመጫ አስነሳ ተብሎ መባረሩ ነው። ትንሹን ቢል፣ ጎጆው በመጀመሪያው ጉቶ ላይ ማለቁ ነው። ማጭዱን ብብቱ ስር ሸጎጠና እጅ ነሣ።

«የተቀመጡበት ይሻላል፣ ጌታዬ።»

«መስኩን ይችለዋል?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! መጀመሪያው ጉቶ ላይ ቀጥ ይላል።»

«ታዲያ ለምን መረጥከው?»

«እርስዎ እንደሆነ አይወርዱም። መስክ መሀል ተቀምጦ ለሚከርም ሰው ደግሞ መቀመጫው የሚመች ይሻለዋል። ምሳዎን እኔና ሚስቴ እናመላልሳለን። ብቻ ከጎጆው አያስወጡን፤ ከሩቅ ስናመጣው ወጡ ይቀዘቅዝብዎታል።»